ሳልጠይቀው የሸኘሁት ልጅ

ልጆቼ፣ በሕክምና ዘመኔ ከሠራኋቸው ስህተቶች አንዱን ልንገራችሁ። ገና ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ «ራሴን ስቼ ወደቅሁ» ብሎ መጣ። የልብ ምቱ በደቂቃ 42 ነበር። በየቀኑ እንደሚሮጥ ሲነግረኝ «የስፖርተኛ ልብ ነው» ብዬ አሞግሼ ሸኘሁት። በዚያው ሰሞን እንደሱው የከሳች፣ ምቷም የዘገየ ልጅ መጣች። ረሃብም የልብ ምትን ያዘገያልና፣ እሷን ገና ሳትቀመጥ «ምግብ እንዴት ነሽ?» አልኳት። እሱን አልጠየቅሁትም። ወንድ ነዋ!

ማመካኛ አይሁንብኝና፣ ያደግንበት ትምህርትም እንዲሁ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ ሞርተን እ.ኤ.አ. በ1689 አኖሬክሲያን፣ ማለትም ሰው ራሱን እስኪጎዳ ምግብ የሚከለክልበትን ሕመም ሲገልጽ ካነሣቸው ሁለት ሕሙማን አንዱ የ16 ዓመት ወንድ ነበር። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ግን የወር አበባ መቋረጥን ከአኖሬክሲያ መስፈርቶች ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ዓይናችን ወደ ሴቶቹ ብቻ ቢያይ ምን ይገርማል?

ሴቶች በብዛት መታመማቸው እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ የአሜሪካ ጥናት በሕይወት ዘመናቸው አኖሬክሲያ የያዛቸው ሴቶች 0.9፣ ወንዶች 0.3 በመቶ ነበሩ። ራስን መግታት እስኪያቅት አብዝቶ በመብላት ሕመም ግን 3.5 እና 2 በመቶ፤ ልዩነቱ ጠበብ ይላል። ይህኛው ወንዱ ላይ በቀላሉ ይደበቃል፤ ሆዱ እስኪያመው ሲበላ «የወንድ አበላል» ይባልለታላ። ምግብ የምትገፋ ልጅ «ቁጥብ» ትባላለች፤ ጡንቻ ለማውጣት እያንዳንዷን ጉርሻ የሚመዝን ልጅ «ቆራጥ»። ሁለቱም እየተመሰገኑ ይታመማሉ።

«ስፈልግ አቆማለሁ» የምትሉኝን እሰማለሁ። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ለጥናት ፈቃደኛ የሆኑ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶች ለስድስት ወር ምግባቸው በግማሽ ገደማ ተቀነሰ። ማናቸውም ቁንጅና ፍለጋ አልገቡበትም። ሆኖም ቀን ከሌት ስለ ምግብ ማሰብ፣ የምግብ አሠራር መጽሐፍ መሰብሰብ፣ ከሰው መሸሽ ጀመሩ። ምግብ ሲፈቀድላቸውም አንዳንዶቹ በልተው አልጠግብ አሉ። ረሃቡ ራሱ አእምሮን ይይዛል፤ በወኔ ብቻ የሚላቀቁት ነገር አይደለም።

መልክ አያታልላችሁ። ሰውነቱ ያልከሳ ሰው የበላውን በስውር የሚያስመልስ ከሆነ በደሙ ያለው ፖታሲየም ወርዶ ልቡ ድንገት ሊቆም ይችላል። ለረጅም ጊዜ የተራበንም «ብላ! ብላ!» ብሎ በአንዴ ማጥገብ አደገኛ ነው፤ በሐኪም ክትትል ቀስ እያለ ይመገብ።

ጓደኛችሁ ካሳሰባችሁ «ከሳህ»፣ «ወፈርሽ» የሚለውን ተዉት፤ ስለ ሰውነቱ ሳይሆን ስለ ጭንቀቱ ጠይቁት። ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡ ደግሞ በራስ ምታት አትጀምሩ፤ «ምግብ ያስጨንቀኛል» በሉ፣ ደማችሁና ልባችሁ እንዲመረመር ጠይቁ። ሐኪሙ እንደኔ «ስፖርተኛ ነህ» ብሎ ከሸኛችሁ ሌላ ሐኪም ፈልጉ።