የመንገድ ሰዓት እንደ ሥራ ይቆጠራል?

ጥያቄ፦ ጎንደር፣ አዘዞ ነው የምኖረው። የምሠራበት የግንባታ ድርጅት ሳይት ማክሰኝት ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ማራኪ ሰፈር ካለው መጋዘን በድርጅቱ መኪና እንነሳለን፤ ደመወዝ የሚታሰበው ግን ሳይት ደርሰን ሥራ ከምንጀምርበት ከ2 ሰዓት ነው። አለቃችን «ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ይታሰብላችኋል» ብሎናል። የመንገዱ ሰዓት ይከፈላል?

መልስ፦ ከቤት ወደ ሥራ የሚደረግ ጉዞ በራሱ አይከፈልበትም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 61 መሠረት የሥራ ሰዓት ማለት ሠራተኛው ሥራ የሚሠራበት ወይም ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ነው፤ ጣሪያው በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር ዘለዋል። የማክሰኝት መንገድ የሚያልፈው በአዘዞ ነው። ታዲያ በሰፈርዎ የሚያልፍ መኪና ለመሳፈር ሽቅብ ማራኪ ድረስ ለምን ይወጣሉ? ሲሚንቶና ብረት ልትጭኑ ከሆነ፣ ወይም እዚያ ስም የሚጠራና ያረፈደ የሚቀጣ ከሆነ፣ ሥራው የሚጀምረው መጋዘኑ በር ላይ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። ከ8 ሰዓት በላይ የሆነው ጊዜ ትርፍ ሰዓት ይሆናል፤ ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው በ1.5 ተባዝቶ ይከፈላል። ለመሳፈር ብቻ ከሆነ ግን ክርክሩ ደካማ ነው። ይህን ሳላውቅ «ያሸንፋሉ» አልልዎትም።

ይበልጥ ያሳሰበኝ «ሲያልቅ ይታሰብላችኋል» የሚለው ነው። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነም አልጻፉልኝም፤ ይህን ማስቀረት አልነበረብዎትም። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም የመጠየቂያ ጊዜው በማለፉ፣ ይታገዳል። የሚቆጠረው ደግሞ ለየወሩ ክፍያ ለብቻው ነው፤ ፕሮጀክቱ እስኪያልቅ በጠበቁ ቁጥር ከኋላ አንድ አንድ ወር እየወደቀ ይሄዳል። ብዙ ሠራተኞች አለቃቸውን ላለማስቀየም ዝም ብለው ይቆዩና ቢሮዬ የሚመጡት አብዛኛው ገንዘብ ካመለጠ በኋላ ነው። ያሳዝነኛል፤ የደከሙበት ነውና። የቃል ተስፋ ይርጋን አያቋርጥም። እርስዎ ለድርጅቱ የጻፉት ማመልከቻም ብቻውን አያቋርጠውም። የሚያቋርጠው ለፍርድ ቤት ወይም አዋጁን ለሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤት የቀረበ አቤቱታ፣ አለዚያም አሠሪው መብትዎን በጽሑፍ ማመኑ ነው። እንግዲህ አለቃዎ ቃሉን የሚያከብር ከሆነ በወረቀት ላይ አስፍሮ ይፈርም።

እስከዚያው የሥራ ውልዎን፣ የደመወዝ መክፈያ ሰነዶችንና የመጋዘኑን የስም መቆጣጠሪያ ፎቶ ያሰባስቡ። ትርፍ ሰዓት በአሠሪው ግልጽ ትእዛዝ የሚሠራ ስለሆነ ፎርማኑ «12 ሰዓት ተገኙ» ብሎ በቴሌግራም የላከውን መልእክት እንዳያጠፉት። 2 ሰዓት እንደገቡ በሚገልጽ መዝገብ ላይ ሲፈርሙ ከኖሩም ለጠበቃዎ አይደብቁ።

ሰነዱን ይዘው በዚህ ሳምንት ጠበቃ ያማክሩ። አቅም ካነሰዎት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ሠራተኛ የሚያቀርበው የሥራ ክስም የዳኝነት ክፍያ የለበትም።