ሞባይል ጥገና ለምትከፍቱ ልጆች

ልጆች፣ ስሙኝማ። እኔ ደብረ ብርሃን ላይ በሬዲዮ ጥገና ጀምሬ ነው ሞባይል ላይ የደረስኩት። ፀጉሬ የሸበተው እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነው።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አንድ ጎረምሳ የተቆለፈ ስልክ ይዞ መጣ። "ፓተርኑን ረስቼው ነው፣ ፍላሽ አድርግልኝ፣ ነገ እወስደዋለሁ" አለኝ። ፍላሽ ማለት ስልኩ ላይ ያለውን አጥፍቶ ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ መጫን ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር፣ ለመዝጋት ቸኩያለሁ፣ ተቀብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩም። ልወጣ ስል ስልኩ ጠራ። "እማዬ" ይላል። ዝም አልኩት። ደግሞ ጠራ፣ አሁንም ጠራ። በአራተኛው አነሳሁት።

ከመሐል ሜዳ ነው የሚደውሉት። "ልጄን ምን አደረግከው? አንተ አረመኔ!" አሉኝ። ስለ ስልኩ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ልጃቸው ከጠዋት ጀምሮ ስላላነሳ የገደሉት መስሏቸዋል። ሌባው የወሰደው ስልክ ነው፣ እሳቸው ግን ቀኑን ሙሉ ልጃቸውን ሲቀብሩ ነው የዋሉት። ያ ድምፅ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም።

ማታውኑ ጎረቤቴን ምስክር አድርጌ ስልኩን ፖሊስ ጣቢያ አስረከብኩ። "ማን አመጣልህ?" ሲሉኝ ግን መልስ የለኝም። በማግስቱ ግማሽ ቀን እንደ ተጠርጣሪ ተቀመጥኩ። አልፈርድባቸውም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፣ አንቀጽ 682፣ የተሰረቀ ዕቃ መሆኑን እያወቀ የያዘንም የሸጠንም ይቀጣል፤ አለማወቄን የማስረዳበት አንድ መስመር ጽሑፍ አልነበረኝም። ጎረምሳው እንደሆነ ተመልሶ አልመጣም።

ስለዚህ ደብተር ያዙ። ያመጣውን ሰው ስም ከመታወቂያው ላይ ጻፉ፣ ከጎኑ የስልኩን አይኤምኢአይ፣ ማለትም የስልኩን መለያ ቁጥር። 15 አሃዝ ነው፣ *#06# ስትደውሉ ይወጣል፤ ብዙ ስልክ ላይ ተቆልፎም ቢሆን በድንገተኛ ጥሪው በኩል ይሠራል። መታወቂያ የለኝም የሚላችሁን አትቀበሉ፣ ገበያ ቢቀር ይቅር። ከጠረጠራችሁ ደግሞ ፍላሽ አታድርጉ። ፍላሽ ካደረጋችሁት ስልኩ ላይ የተቀመጠው፣ ባለቤቱን የምታገኙበት ነገር ይጠፋል፣ የልጆቹ ፎቶ ሳይቀር። ብዙዎቻችሁ በቅንነት ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ትለጥፋላችሁ፣ ከዚያ "የኔ ነው" ባዩ ይበዛል። አትለጥፉ። የኔ ነው ያለ ሰው ፖሊስ ፊት ይክፈተው።

ድሮ አባቶቻችን ዕቃ ሲጠፋ አፈርሳታ ይቀመጡ ነበር፤ ሌባው እስኪታወቅ አገሬው አይበተንም። ዛሬ ከተማ ላይ ያ የለም። የተሰረቀ ስልክ ግን ቁልፉ ሳይፈታ ብዙ ዋጋ አያወጣም፣ የሚፈታው ደግሞ እኛ ጋ ነው። እኛ እምቢ ካልን ሌባው ምን ያደርገዋል? ለዚህ ነው ለ300 ብር ብላችሁ ዓይናችሁን አትጨፍኑ የምላችሁ።

የስልኩ ባለቤት፣ የእናትየው ልጅ፣ በሦስተኛው ቀን ጣቢያ መጣ። ፓተርኑን ሲስለው ስልኩ ተከፈተ። ብር ሊሰጠኝ ኪሱ ገባ፣ እጁን ያዝኩት። መጀመሪያ የደወለው ለእናቱ ነው። ትንሽ አወሩና ስልኩን ወደኔ ዘረጋው፣ "አንተን ነው የምትፈልገው" አለኝ።

"ልጄ" አሉኝ፣ "ያን ዕለት ሰድቤሃለሁ፣ ይቅር በለኝ።"