ትራማዶሉን ነገ ጠዋት እንዳታስጥያቸው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ለሌላውም አንባቢ ባጭሩ ልድገመው። እናትሽ 61 ዓመታቸው ነው። ወገባቸውን ማመም ከጀመራቸው አራት ዓመት አለፈ። መጀመሪያ ትራማዶል የሚባል የህመም ማስታገሻ፣ ባለ 50 ሚሊግራሙ፣ በቀን ሁለት ታዘዘላቸው። አሁን ስድስት ደርሰዋል። ህመሙ ግን ያው ነው። ኪኒኑ ያለቀባቸው ቀን ያልባቸዋል፣ ያዛጋቸዋል፣ እግራቸው አልጋ ላይ እረፍት ያጣል። ጎረቤት «ሱስ ይዟቸዋል» አለ። ወንድምሽ ደግሞ የቀረውን ሽንት ቤት ልድፋው ብሎ ተነስቷል።

መጀመሪያ ወንድምሽን ያዢልኝ። ሌላው ይደርሳል።

ሐኪም አይደለሁም። ወገቡ የተጎዳ፣ ከአምስት ዓመት በላይ ኦክሲኮዶን የዋጠ፣ በመጨረሻም ያቆመ ሰው ነኝ። ኦክሲኮዶንም ትራማዶልም ሞርፊንም ኮዴይንም ኦፒዮይድ ከሚባለው አንድ የህመም ማስታገሻ ቤተሰብ ናቸው። ትራማዶል ደከም ያለው ዘመድ ነው። ግን ዘመድ ነው።

ቨርጂኒያ ኤርፖርት ላይ ሻንጣ እጭን ነበር። በ2011 ጥር ላይ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) አንድ ሻንጣ ሳነሳ ወገቤ ውስጥ የሆነ ነገር «ቀጭ» አለ። ዲስክ ነው ተባለ። በዓመቱ ኦፕራሲዮን ሆንኩ። ወደ እግሬ የሚወርደው ህመም ለቀቀኝ፣ የወገቡ ግን ቀረ። ኦክሲኮዶን የጀመርኩት ያኔ ነው። ባለ 5 ሚሊግራም፣ ሲብስብህ ብቻ ውሰድ ተብሎ።

የመጀመሪያው ሳምንት ተአምር ነበር። ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ራሴ አሰርኩ። አልዋሽሽም፣ ያን ቀን እንባ መጣብኝ። በሦስተኛው ወር ግን ያው ኪኒን እንደ ድሮው አልያዘኝም። ተጨመረ። እንደገና ተጨመረ። በሁለተኛው ዓመት በቀን 40 ሚሊግራም ላይ ነበርኩ። ሐኪሙ «ህመምህ ከአስር ስንት ነው?» ሲለኝ መልሴ መጀመሪያም ሰባት፣ ያኔም ሰባት።

ሐሙስ ማታ ማታ የቡና ትሪ ላይ ኪኒኖቹን ዘርግፌ ሁለት ሁለት እያደረግኩ እቆጥር ነበር። እስከ ቀጠሮዬ ይበቃኛል? አይበቃኝም? ሚስቴ «ምስር ትለቅማለህ እንዴ?» ብላ ትስቅብኝ ነበር። በኋላ መሳቋን ተወች። እኔ ደግሞ ከቤት መውጣት ተውኩ። ህመሙ ስለባሰብኝ አልነበረም። ከሰዓት ያንቀላፋኛል፣ ሆዴ ለአራት ለአምስት ቀን ይደርቃል፣ ሰው ማየት ያስጠላኛል። (ለሆዴ ተልባ እየበጠበጥኩ ጠጥቼ ነበር። ትንሽ ይረዳል፣ ግን ኦፒዮይድ አንጀትን ራሱን ነው የሚያዘገየው፣ ስለዚህ የድርቀት መድኃኒት ራሱ ሊያስፈልግ ይችላል። እናትሽን ጠይቂያቸው። አፍረው እንጂ ይኖርባቸዋል።)

በ2016 ሐኪሜ ጡረታ ወጣ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ስለ ኦፒዮይድ አጻጻፍ ጥብቅ መመሪያ አውጥቶ ነበርና ሐኪም ሁሉ ፈርቷል። አዲሱ ሐኪም ፋይሌን ሦስት ደቂቃ አየና በአንድ ቀን ግማሹን ቆረጠው። ዓርብ ነበር። እሁድ ሰው ቤት ቡና ተጠራን። ስኒዋ ከነማስቀመጫዋ እጄ ላይ ተንቀጫቀጨች፣ ቡናው ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ። አፍንጫዬ ይፈሳል፣ ክንዴ ላባው እንደ ተነጨ ዶሮ ሆኗል፣ በየደቂቃው አዛጋለሁ። አንዲት እናት ማዛጋቴን አይተው «ይሄ ልጅ ቢጠመቅ ይሻላል» አሉ። ፀበል አልጠላም። ያኔ ግን የጎደለኝ የለመድኩት 20 ሚሊግራም ነበር።

እናትሽ ላይ የምታዪው ላብና ማዛጋት ይሄው ነው። ሰውነታቸው መድኃኒቱን ለምዷል። ማንም ሰው በየቀኑ ለወራት ቢወስደው ይለምዳል። ሱስ የሚባለው ሌላ ነው። ሰው መድኃኒቱን ለስካሩ ሲፈልገው፣ ከሦስት ፋርማሲ ሲገዛ፣ ሲዋሽ፣ እየጎዳው እያወቀ መተው ሲያቅተው ነው። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። ግን እናትሽ ሰዓታቸውን ጠብቀው፣ አንቺ እያየሽ፣ ህመም ፈርተው የሚውጡ ከሆነ «ሱሰኛ» የሚለው ቃል ማሳፈር እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም። ያሳፈርሽው ሰው ደግሞ ይደብቅሻል።

በድንገት ማቋረጥ ግን ጨዋታ አይደለም። በ2019 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ኤፍዲኤ በዚሁ ጉዳይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ኦፒዮይድ በድንገት የተቋረጠባቸው ሰዎች ህመማቸው ተባብሶ ራሳቸውን እስከ ማጥፋት የደረሱ እንዳሉ ጠቅሶ ነው። ወንድምሽን ያዢው ያልኩሽ ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። መድኃኒቱ ለቆየ የወገብ ህመም ይጠቅማል ወይ?

እኔ ካቆምኩ በኋላ፣ በ2018 አንድ ጥናት ወጣ። አሜሪካ ሚኒያፖሊስ አካባቢ 240 የቀድሞ ወታደሮችን ለሁለት ከፈሏቸው። ሁሉም የቆየ የወገብ፣ የጉልበት ወይም የዳሌ ህመም ያለባቸው ናቸው። ግማሹ ሞርፊንና ኦክሲኮዶን የመሳሰሉትን፣ ግማሹ ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌንና ሌሎች ኦፒዮይድ ያልሆኑ መድኃኒቶችን ወሰደ። ዓመት ተከታተሏቸው። የዕለት ኑሯቸውን በመሥራት ልዩነት አልነበራቸውም። በህመም መጠን እንዲያውም ኦፒዮይድ ያልወሰዱት በትንሹ ተሽሏቸው ተገኙ። ኦፒዮይድ የወሰዱት ላይ የጎንዮሽ ጉዳቱ በዛ። ትራማዶል እዚያ ጥናት ውስጥ ያለው በሁለተኛው ቡድን ነበር፣ ሌላው ሁሉ ሲያቅት እንደ መጨረሻ አማራጭ። ስለዚህ «ትራማዶል አይረባም ተባለ» ብለሽ እንዳትወስጂው። እኔን የነካኝ ሌላ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ትሪ ላይ የቆጠርኩት ኪኒን ከፓራሲታሞሉ መንገድ አልበለጠም ማለት ነው።

ይህን ቀድሞ የነገረን አልነበረም። በ1980 አንድ የሕክምና መጽሔት ላይ አምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ያላት ደብዳቤ ወጥታ ነበር። ሆስፒታል ተኝተው ኦፒዮይድ ከወሰዱ ከ11,000 በላይ ሰዎች ሱስ የያዛቸው አራት ናቸው ትላለች። ሆስፒታል ተኝቶ ለአጭር ጊዜ የወሰደን ሰው ነገር፣ ቤቱ ሆኖ ለዓመታት ለሚውጥ ሰው ማስረጃ አደረጉት። ፐርዱ ፋርማ የሚባለው ኩባንያ በ1996 ኦክሲኮንቲን የተባለውን የኦክሲኮዶን ኪኒን ገበያ ላይ ሲያወጣ ሱስ የማስያዝ ዕድሉ አነስተኛ ነው እያለ ነበር። በ2007 ይህን አሳስቶ መሸጡን ፍርድ ቤት ቀርቦ አመነ፣ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይም ከፈለ። ለእኔ ያዘዙልኝ ከዚያ አምስት ዓመት በኋላ ነው። ይሄን ሳስብ እስካሁን ደሜ ይፈላል።

ሌላም አለ። ኦፒዮይድ ብዙ ጊዜ ሲወሰድ አንዳንድ ሰው ላይ የህመም ስሜቱን ራሱን ያጎላዋል። ብርድ ልብሱ ሲነካሽ ያምሻል። ሐኪሙ «መድኃኒቱ አነሰ» ብሎ ይጨምራል፣ ህመሙም ይከተላል። ሁለት ሲወስዱና ስድስት ሲወስዱ ህመማቸው ያው ከሆነ ሐኪሙን በዚህ በኩል ጠይቂው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ኦፒዮይድ ጠላቴ ነው ብዬ እንዳታስቢ። አክስቴ አዲስ አበባ በማኅፀን በር ካንሰር ነው ያረፈችው። በመጨረሻዎቹ ወራት የሚጠጣ ሞርፊን ታዘዘላት። ቤተሰቡ «ሞርፊን ከተሰጠ አለቀላት ማለት ነው» ብሎ ጠርሙሱን ቁም ሳጥን ውስጥ ደበቀው። ሁለት ሌሊት ግድግዳ እየቧጠጠች አደረች። እኔ በስልክ እየጮህኩ ነው ያስወጣኋቸው፤ ኦክሲኮዶን ያስለቀሰኝ ሰው፣ ሞርፊኑን ስጧት እያልኩ። በየአራት ሰዓቱ በመርፌ በሌለው ሲሪንጅ እየለኩ አፏ ውስጥ ያደርጉላት ጀመር። በሦስተኛው ቀን ቁጭ ብላ ሽሮ በላች። «ጸጉሬን ሥሩልኝ» አለች። እዚያ ቦታ ላይ መቼ ትላመዳለች ብሎ የሚጨነቅ ሰው ካለ አልገባውም። የእናትሽ ወገብ ግን ሌላ ነገር ነው። ከፊታቸው ሃያ ዓመት፣ እግዜር ቢል ከዚያም በላይ አለ።

አሁን ስለ ትራማዶሉ። የአዋቂ የቀን ጣሪያው 400 ሚሊግራም ነው። እናትሽ 300 ላይ ናቸው፣ ሩቅ አይደሉም። ሲበዛ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ያመጣል። ከአንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ጋር አይስማማም። ዳያዜፓም ከሚባለው የጭንቀት ኪኒንና ከአረቄ ጋር ደግሞ እንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል። የሚወስዱትን ሁሉ ለሐኪሙ ንገሩ፣ «ይሄስ ትንሽ ነው» የምትሉትንም።

እኛን ሐበሾችን በተለይ የሚመለከት ነገርም አለ። ጉበት ውስጥ ሲዋይፒ 2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም አለ። ኮዴይንን ወደ ሞርፊን፣ ትራማዶልንም ወደ ጠንከር ያለ ነገር የሚቀይረው እሱ ነው። በ1996 የወጣ ጥናት ከ100 ኢትዮጵያውያን 29 ያህሉ የዚህ ዘረመል ትርፍ ቅጂ እንዳላቸው አሳይቷል። አውሮፓውያን ላይ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። እነዚህ ሰዎች ኮዴይን ሲወስዱ ቶሎ ብዙ ሞርፊን ይሆንባቸዋል። ኤፍዲኤ በ2017 ሁለቱንም መድኃኒቶች ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅና ለምታጠባ እናት እንዳይሰጡ ያስጠነቀቀው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከእናትሽ ፓኮ ላይ ለአራስ እህትሽ አንድ ፍሬ እንዳይሰጥ። ዱባይ ላለች ዘመድም በሻንጣ እንዳትልኩ። እዚያ ትራማዶል ቁጥጥር ያለበት መድኃኒት ነው፣ ያለ ፈቃድ የተገኘበት ሰው ሊታሰር ይችላል።

እኔ እንዴት ወጣሁ? ሌላ ሐኪም አገኘሁ። የተቆረጠውን መልሳ ሰጠችኝና ከዚያ በየወሩ አንድ አሥረኛ ያህል እየቀነሰች ወረደች። 14 ወር ፈጀ። ሁለት ጊዜ «እዚህ ላይ እንቁም» ብያት ቆማለች። ጎን ለጎን ዱሎክሴቲን ጀመርኩ፣ እሱ ለድብርትም ለቆየ ህመምም የሚሰጥ ነው። (ከትራማዶል ጋር አብሮ ስለማይስማማ ለእናትሽ በራስሽ እንዳታስጀምሪ።) ፊዚዮቴራፒ ሄድኩ። መጀመሪያ ቀን ያስደረገችኝ እስከ ፖስታ ሳጥኑ መሄድና መመለስ ብቻ ነበር። ናቅኩት። በስድስተኛው ወር 40 ደቂቃ እሄድ ነበር። ወጌሻ ይታሽ የሚል ዘመድም ይመጣባችኋል። ዲስክ ያለበትን ወገብ እንዳያስነኩ፣ ይህን በልምድ ሳይሆን በፍርሃት ነው የምልሽ።

ወገቤ ዛሬም ያመኛል። ከአስር አምስት፣ ሲብስ ስድስት። ግን ባለፈው ፋሲካ ቅዳሴውን ቆሜ አስቀደስኩ። እርግጥ መቋሚያዬን ተደግፌ።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ ፓኮውን ይዘሽ ሂጂ። ከዚያ በፊት ግን ለሦስት ቀን ወረቀት ላይ ጻፊ፤ ስንት ሰዓት ላይ ዋጡ፣ ከዋጡ በኋላስ ምን ሠሩ? እንጀራ ጋገሩ? ደጅ ወጡ? ወይስ ተኙ? ሐኪሙ ከአስር ስንት ነው ብሎ ይጠይቃችኋል፣ እናንተ ወረቀቱን ስጡት። እዚህም ጻፊልኝና አብረን እንየው። እናትሽ ለመጨረሻ ጊዜ በእግራቸው ገበያ የወጡት መቼ ነው?