ማሽኑ ሞተ ከማለታችሁ በፊት፦ የልብስና የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ጥያቄና መልስ

ሰላም ቤተሰብ። የልብስና የዕቃ ማጠቢያ ማሽን መጠገን ከጀመርኩ 16 ዓመት ሆነኝ፤ የሠራሁት በአብዛኛው አዲስ አበባ ነው። ዛሬ እሁድ ነው፣ ሥራ የለኝም፤ ያላችሁን ጥያቄ አምጡ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። «ቦርዱ ተቃጥሏል» ተብለው እኔ ጋ ከሚመጡት ማሽኖች የብዙዎቹ ቦርድ ደህና ነው። ችግሩ የሚገኘው ውሃው ላይ፣ መብራቱ ላይ ወይም ፍሳሹ ላይ ነው። ስለዚህ ስትጠይቁ ውሃችሁ ከሮቶ ይሁን ከመስመር፣ ችግሩ መቼ እንደጀመረ፣ ስክሪኑ ምን እንደጻፈ ጨምሩልኝ። ምንም ነገር ከመፍታታችሁ በፊት ደግሞ ስፒናውን ንቀሉ። በቁልፉ ማጥፋት ብቻውን አይበቃም።

ጥያቄ (ከሰሚት)፦ ኤልጂ ማሽን ነው። ውሃ በጣም በቀስታ ይገባና ከቆይታ በኋላ «አይ-ኢ» ብሎ ይቆማል። ውሃችን ጣሪያ ላይ ካለ ሮቶ ነው የሚመጣው።

እህቴ፣ «አይ-ኢ» ማለት ውሃው በሚጠበቀው ጊዜ ውስጥ አልሞላልኝም ማለቱ ነው። ሳምሰንግ ላይ ይኸው ነገር «4-ኢ» ወይም «4-ሲ» ተብሎ ይመጣል። መጀመሪያ ቧንቧውን ዝጊና ከማሽኑ ጀርባ የውሃ መግቢያውን ጎማ ፍቺው። ጎማው የሚገጠምበት አፍ ውስጥ ትንሽ የፕላስቲክ ወንፊት አለች። በፒንሳ ጫፏን ይዘሽ ቀስ ብለሽ ሳቢያት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ከቀናት በኋላ ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚመጣው ደፍራሽ ውሃ አሸዋውን እዚያ ያከማቻል። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቢያት።

ወንፊቷ ንጹህ ከሆነች ጉዳዩ የሮቶው ከፍታ ነው። ውሃ 10 ሜትር ከፍ ሲል 1 ባር ግፊት ይሰጣል። ሮቶሽ ከማሽኑ በ3 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ ያለሽ 0.3 ባር ነው፤ ብዙ ማሽኖች ግን ቢያንስ 0.5 ይፈልጋሉ። መፍትሔው ትንሽ የግፊት ፓምፕ ነው። እስከዚያው ማሽኑ ውሃ በሚጠራበት ሰዓት በሳሙና ማስቀመጫው በኩል በጆግ ብትጨምሪለት አብዛኛው ማሽን ይቀበላል፤ ልኩ ሲደርስ ራሱ ማጠብ ይጀምራል።

ጥያቄ (ከጀሞ ኮንዶሚኒየም)፦ ማሽኑን በእርጥብ እጄ ስነካው ይነዝረኛል። ባለቤቴ «ትንሽ ነው፣ ምንም አይልም» ይላል።

እባክሽ እህቴ፣ ይህን መልስ እስከ መጨረሻው አንብቢውና ለባለቤትሽም አንብቢለት። እስኪሠራ ድረስም ስፒናውን ነቅለሽ አቆዪው።

የማሽኑ መብራት መግቢያ ላይ ከመስመሩ የሚመጣውን ረብሻ የሚያጣራ ፊልተር አለ። ይህ ፊልተር በተፈጥሮው ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ ኤርዝ፣ ማለትም ወደ መሬት ወደሚወስደው ሽቦ፣ ይልካል። ኤርዝ ካለ ወደ መሬት ይሄዳል፣ ማንም አያውቀውም። ኤርዝ ከሌለ መሄጃ ያጣና ቆርቆሮው ላይ ይቀራል፤ በቴስተር ቢለካ ወደ 110 ቮልት፣ የ220 ግማሽ ሊያሳይ ይችላል። ኃይሉ አነስተኛ ስለሆነ ይነዝራል። እኔን የሚያስፈራኝ ንዝረቱ ራሱ አይደለም፤ ቤታችሁ ኤርዝ እንደሌለው መናገሩ ነው። ነገ ውሃ ማሞቂያው ሬዚስታንስ ቢሰነጠቅ፣ ወይም አንድ ሽቦ ተልጦ ቆርቆሮውን ቢነካ፣ ሙሉው 220 ቮልት እዚያ ቁጭ ይላል፤ ብሬከሩም ላይወርድ ይችላል። እርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግሩ የሚቆም ልጅ ደግሞ አለ።

ባለሙያ ጠርታችሁ ሶኬቱን አስፈቱ። አንድ ቤት ስፈታ ያየሁትን ልንገርሽ፦ ሶኬቱ የኤርዝ ብረቱ በሁለት በኩል ብቅ ያለ፣ ሲያዩት የተሟላ ነበር። ከኋላው ግን ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ ተጠቅልሎ ግድግዳው ውስጥ ተጠቅጥቋል፤ ምንም ላይ አልታሰረም። ሥራው አምስት ደቂቃ ነበር የፈጀው። ሽቦውም ጭራሽ ከሌለ አዲስ መስመር ይዘረጋ፤ ግቢ ያለው ቤት ከሆነ የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ ይተከል። በተጨማሪም ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚቆርጥ ባለ 30 ሚሊአምፔር ብሬከር አስገጥሙ፤ ሰው የሚያተርፈው እሱ ነው።

ሁለት ነገር እንዳትፈቅዱ። ኤርዙን ከውሃ ቧንቧ ጋር ማሰር አንዱ ነው፤ የዛሬ ቧንቧ መሃል ላይ ፕላስቲክ ስለሆነ ኤሌክትሪኩ ጎረቤት ሻወር ቤት ሊወጣ ይችላል። ሌላው ኒውትራሉን (የመብራቱን መመለሻ ሽቦ) ከቆርቆሮው ጋር ማገናኘት ነው። ያ ሽቦ አንድ ቀን ከላላ ማሽኑ በሙሉ ኤሌክትሪክ ይሆናል።

ጥያቄ (ከባህር ዳር)፦ ሲጨምቅ ቤቱን ያንቀጠቅጠዋል፤ ከቦታው ተነሥቶ ይሄዳል። ገና ሁለት ወሩ ነው።

ሁለት ወሩ ከሆነ መጀመሪያ ጀርባውን እይልኝ። ማሽኑ ሲጓጓዝ ከበሮው እንዳይንገላታ የሚይዙት ሦስት ወይም አራት ረጃጅም ብሎኖች አሉ፤ ከመጀመሪያው እጥበት በፊት መውጣት ነበረባቸው። ሳይወጡ የቀሩበትን ቤት ብዙ አይቻለሁ። እነሱ ከወጡ ደግሞ አራቱም እግሮች ወለሉን መንካታቸውን በውሃ ልክ አረጋግጥ፣ የእግሮቹንም ማጥበቂያ ፍሬ እሰር።

ሌላው ተጠርጣሪ ጋቢ ነው። ባለ አራት ድርብ ጋቢ ውሃ ሲጠጣ ክብደቱ ሌላ ይሆናል፤ ብቻውን ሲገባ አንድ ጎን ላይ ይጠቀለልና ከበሮውን ያዛባዋል። ማሽኑ ደጋግሞ ሊያስተካክል ይሞክርና ሲያቅተው ሳይጨምቅ ይቆማል። ከጋቢው ጋር ሁለት ሦስት ፎጣ ጨምርበት፣ የጭመቃውን ፍጥነትም 600 ወይም 800 ላይ አድርገው። ነጠላ ከሆነ የተቋጨው ጫፉ ከሌላ ልብስ ጋር እንዳይተበተብ በወንፊት ከረጢት ይግባ።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ)፦ በቀዝቃዛ ውሃ ሳጥብ ደህና ነው። ሙቅ ላይ ሳደርገው ግን ከአሥር ደቂቃ በኋላ ብሬከሩ ይወርዳል።

ጋሼ፣ የድሬን ውሃ ያውቁታል፤ ጀበናዎ ውስጥ የሚቀረው ነጭ ቅርፊት ሬዚስታንሱም ላይ ይጋገራል። ቅርፊቱ ሙቀቱን አፍኖ ሲይዘው ብረቱ ይሰነጠቃል፣ ውሃ ይገባዋል፣ ብሬከሩ ይወርዳል። ስፒናው ተነቅሎ፣ የሬዚስታንሱ ሁለት ሽቦዎች ወጥተው በቴስተር ይለካ። በሁለቱ ጫፎች መካከል ባለ 2000 ዋት ከሆነ ወደ 24 ኦም ያሳያል። ከዚያ ቴስተሩን ከፍተኛው ኦም ላይ አድርገው አንዱን ጫፍ ከሬዚስታንሱ፣ ሌላውን ከኤርዙ ብረት ያስነኩት። ደህና ከሆነ ምንም አያነብም። ቁጥር ካሳየ ሬዚስታንሱ ይቀየር፤ ቦርዱ ጋ መሄድ አያስፈልግም። እስኪቀየር «በቀዝቃዛው ልጠቀም» አይበሉ፤ የተሰነጠቀው ብረት ያው ውሃ ውስጥ ነው ያለው።

አዲሱ እንዲቆይልዎ በየሁለት ወሩ ባዶውን ማሽን በ60 ዲግሪ ከ100 ግራም ሲትሪክ አሲድ ጋር ያስኬዱት። አቼቶም ይሠራል፤ ሲደጋገም ግን ጎማዎቹን ስለሚጎዳ እኔ ሲትሪኩን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ እህቴ ከጅዳ ስትመለስ ማሽን ይዛ መጣች። ወንድሜ ደግሞ ከአሜሪካ ሊልክልኝ ነው። ሁለቱም እዚህ ይሠራሉ?

የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የአሜሪካው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፤ ኸርዙን ግን አይነካውም። ኢንቨርተር (የሞተሩን ፍጥነት ራሱ የሚቆጣጠር ቦርድ) የሌለው የአሜሪካ ማሽን እዚህ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ሞተሩም ይግላል። ወንድምህ ገና ካልላከ የማጓጓዣውን ገንዘብ ይላክልህና እዚሁ ግዛ፤ ከልቤ ነው የምልህ። የሳዑዲው ቮልቱ ለእኛ ይቀርባል፣ ግን አገሩ 60 ኸርዝ ነው፤ ስለዚህ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አንብብ። «50/60» ካለ ችግር የለም። ከዱባይ የሚመጣው ለ50 ኸርዝ የተሠራ ነው፣ ስፒናው ብቻ ይለያል። ባለ ሦስት ጠፍጣፋውን ስፒና በርካሽ አዳፕተር አታልፈው፤ ብዙዎቹ ኤርዙን ይቆርጡታል። ስፒናው ራሱ በእኛው ባለ ኤርዝ ይቀየር። ከዲቫይደር ላይም አትሰካው፣ ሙቅ ሲያጥብ ወደ 9 አምፔር ስለሚስብ ያቀልጠዋል።

ጥያቄ፦ ውሃ ሞልቶ ቆሟል፣ አይደፋም፣ በሩም አይከፈትም። ልብሱ ውስጥ ነው።

በሩን አትታገሉት፣ እጀታው ይሰበራል። ከታች በቀኝ በኩል ያለችውን ትንሽ ክዳን ክፈቱ፤ የፓምፑ ማጣሪያ እዚያ ነው። ሳፋና ጨርቅ አስቀምጡና ጥቂት በጥቂት አላሉት። ውሃው ካለቀ በኋላ ማጣሪያውን አውጡት፦ የአንድ ብር ሳንቲም፣ የፀጉር መርፌ፣ የጡት መያዣ ሽቦ፣ የሕፃን ካልሲ። ከውስጥ ያለውን የፓምፑን መዘውር በጣት ነካ አድርጉት፤ እየተንገጫገጨ መዞር አለበት። ብዙ ማሽኖች ላይ እዚያው አጠገብ በሩን በእጅ የሚከፍት ገመድ ታገኛላችሁ።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ባለ ሁለት ገንዳው ማሽን ነው ያለኝ። የማጠቢያው በኩል «እምምም» ይላል እንጂ አይዞርም።

ስፒናው ተነቅሎ ታች ያለውን መዘውር በእጅህ አዙረው። በቀላሉ ከዞረ ሞተሩን የሚያስነሣው ካፓሲተር ደክሟል። ቁጥሩን አይተህ፣ ማይክሮፋራዱ ተመሳሳይ፣ 450 ቮልት የሆነ ግዛ። ከመንካትህ በፊት ሁለቱን እግሮቹን እጀታው በፕላስቲክ በተሸፈነ ካቻቪቴ አገናኝተህ አራግፈው። ካልዞረ ጨርቅ ሥሩ ገብቷል። መዘውሩ ቆሞ ሞተሩ ብቻ የሚዞር ከሆነ ቺንጋው ነው።

ጥያቄ፦ ሲጨምቅ እንደ አውሮፕላን ይጮኻል። ኩሽኔታ ነው ተብያለሁ፤ ማሠራቱ ያዋጣል?

በሩን ክፈትና ከበሮውን ከውስጥ ወደ ላይ አንሣው። ከተወዛወዘ ኩሽኔታው ሄዷል። ሲቀየር ግን ከፊቱ ያለው የውሃ ጎማም አብሮ መቀየር አለበት፤ ኩሽኔታውን የገደለው በዚያ የገባ ውሃ ነው። የውጪው ገንዳ በብሎን የታሰረ ከሆነ አሠራው። ተበይዶ የተዘጋ ከሆነ ተቆርጦ መልሶ መጣበቅ አለበት፤ ያንን ሥራ ከዚህ በፊት ሠርቶ ያሳየህ ሰው ካላገኘህ አልመክርህም።

ጥያቄ፦ ዕቃ ማጠቢያው ድስቱን ቅባት ለብሶ ያወጣዋል። ላርጎ ጨመርኩበት፤ አረፋው ወለሉ ላይ ወጣ።

የእጅ ሳሙና እዚያ ውስጥ አይግባ። አረፋው ፓምፑን አየር ያስውጠዋል። ያለውን ጠርገሽ፣ ግማሽ ኩባያ አቼቶ ጨምረሽ በባዶው አስኪጂው። ከዚያ የማሽኑን ሳሙና ተጠቀሚ። የወጥ ቅቤና ዘይት እንዲለቅ 65 ዲግሪውን ምረጪ፣ ታች ያለውን ማጣሪያ በየሳምንቱ እጠቢ፣ የሚሽከረከሩትን ክንፎች ቀዳዳ በስቴኪኒ ጥረጊ። የሽሮ ቅሪት እንደ ሲሚንቶ የሚደርቀው እነዚያ ቀዳዳዎች ላይ ነው። ጨው የሚል ክፍል ካለው ለእሱ የተዘጋጀውን ደቃቅ ያልሆነ ጨው ጨምሪ፤ አዮዲን ያለው የወጥ ጨው አይሆንም።

ጥያቄ (ከሰሚቷ እህት በድጋሚ)፦ ወንፊቷን አወጣኋት፣ ሙሉ አሸዋ ነበረች። ሳልመልሳት ብተዋት ውሃው በፍጥነት አይገባም?

መልሰሽ ግጠሚያት። ያለ እሷ አሸዋው ቫልቩ ውስጥ ይገባና መዝጊያውን ጎማ ይይዘዋል፤ ማሽኑ ጠፍቶም ውሃ ማንጠባጠቡን ይቀጥላል፣ ሌሊት ቤቱን ያጥለቀልቃል። የውሃ መግቢያውን ጎማ ስትመልሺ በእጅሽ ብቻ አጥብቂው፣ ቧንቧውን ቀስ ብለሽ ክፈቺ፣ መገጣጠሚያውንም ለአንድ ደቂቃ በደረቅ ሶፍት ይዘሽ እዪው። ሶፍቱ ከረጠበ ሩብ ዙር ጨምሪበት።