«ጊታሩ አልጋዬ ሥር ነው»

ሰላም እትዬ፣

እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። የሰው ችግር አንብቤ «ወይ ጉድ» ብዬ የማልፍ ሴት ነበርኩ። አሁን ግን ትዕግሥቴ አለቀ።

ነገሩ ጩኸት ነው። ልጄ 21 ዓመቷ ነው፤ ኤሌክትሪክ ጊታር ትጫወታለች። ጊታር አልጠላም። እኔ ራሴ 18 ዓመት ኳየር ውስጥ ዘምሬያለሁ፤ የእኛ ጊዜ ጊታር ሲሰሙት ልብ ያሳርፋል። የእሷ ሌላ ነው። እግሯ ሥር የምታስቀምጣት ትንሽ ሳጥን አለች፤ ፔዳል ትላታለች። እሷን ስትረግጣት ጊታሩ እንደ ወፍጮ ቤት ያጓራል። መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ጎረቤቴ ቡና ልትጠጣ መጥታ «ቤት ውስጥ ብየዳ ጀመራችሁ እንዴ?» አለችኝ።

«እማ፣ ሮክ ነው እኮ። ግጥሙ መዝሙረ ዳዊት 13 ነው» ትለኛለች። ይሁና። በዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ ዳዊትን ማን ሊሰማው ነው?

ጥቅምት ላይ የወጣቶች ፕሮግራም ነበር። አራት ሆነው መድረክ ወጡ። ገና ሲጀምሩ ሰው እርስ በርሱ መተያየት ያዘ። አንዲት ትልቅ እናት ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በሳምንቱ ሽማግሌዎች ጠሩን። ሮክ የዓለም ነው፣ ከዳንኪራ ቤት የመጣ ነው፣ የሰይጣን መንፈስ አለበት አሉ። ልጄ ተመክራ እስክትስተካከል ከአገልግሎት እንድትቆም ተወሰነ። ድራም፣ ቤዝና ኪቦርድ የሚጫወቱት ልጆች እንኳ አሁንም እያገለገሉ ነው፤ ድምፅ ቀንሱ ብቻ ነው የተባሉት፤ ወንዶችም ስለሆኑ ብዙ አላስቸገሩም። እኔን «እናትየዋስ ምን ትያለሽ?» ሲሉኝ «እናንተ እንዳላችሁ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ጊታሩንም ከክፍሏ ወስጄ አልጋዬ ሥር ከተትኩት። አሁን ቤቱ ጭጭ ብሏል። የፈለግኩት ይሄንኑ ነበር። ግን እንቅልፍ የለኝም። ከሥራ ትመጣለች፣ ትበላለች፣ በሯን ትዘጋለች። እሑድ ሲሆን «ራሴን አሞኛል» ትላለች። አራት ወር ሆነው። ጊታሩን የገዛችው ልጆች እያስጠናች ባጠራቀመችው ብር ነው፤ ሁለት ዓመት ፈጅቶባታል። አንዱ ሽማግሌ «ሸጠሽ ለመባ ብታመጪው ቀንበሩ ይሰበራል» አሉኝ። ደንበኛ ተገኝቷል፤ ቅዳሜ ይመጣል። ልሽጠው? ደግሞ እውነቱን ይንገሩኝ፤ እግዚአብሔር በእንዲህ ያለ ነገር ይከብራል ወይ?

እንቅልፍ ያጣሁ እናት፣ ከሐዋሳ

*

እህቴ፣

ጊታሩን እንዳትሸጪው። ይሄን አንብበሽ ሳትጨርሺ ለደንበኛው ደውይና አስቀሪው። ሰው ሁለት ዓመት ለፍቶ የገዛውን ዕቃ ባለቤቱ ሳያውቅ መሸጥ ከአሥርቱ ትእዛዛት ውስጥ ስም አለው። መባ ሲሆን ስሙ አይቀየርም።

ስለ ጩኸቱ ብዙ ጻፍሽልኝ። ወፍጮ ቤት፣ ብየዳ፣ መስኮት። እኔ ግን በጎን ጣል አድርገሽ ያለፍሻት አንዲት መስመር ላይ ቀረሁ። አራት ሆነው ወጡ፤ ሦስቱ አሁንም ያገለግላሉ። «ወንዶችም ስለሆኑ ብዙ አላስቸገሩም።» እስቲ ድገሚና አንብቢያት፤ የራስሽ ጽሑፍ ናት። ሮክ የሰይጣን ከሆነ ድራሙ ላይ የተቀመጠው ልጅ ምን ሲመታ ነበር? ሮክን ሮክ የሚያደርገው ግማሹ ድራሙ እኮ ነው! መንፈሱ ሦስቱን ወንዶች ዘሎ አንዲቷን ሴት ልጅ ብቻ መረጠ? ጉዳዩ የሙዚቃ ቢሆን ኖሮ አራቱም ይወርዱ ነበር፤ ወይ አራቱም ድምፅ ቀንሱ ይባሉ ነበር። ያንን ሁሉ ሰምተሽ «እናንተ እንዳላችሁ» አልሽ።

ተናድጃለሁ። ቡናዬን ፉት ልበልና ልቀጥል።

ሮክ ከዳንኪራ ቤት መጣ ላሉሽ ሽማግሌዎች የአንዲት ሴት ታሪክ ውሰጂላቸው። ሮዜታ ታርፕ ትባላለች። በ1915 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ አርካንሳስ ውስጥ ኮተን ፕላንት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደች። እናቷ ኬቲ ቤል የጥቁሮች ጴንጤቆስጤ ቤተ ክርስቲያን ወንጌላዊት ነበረች፤ ማንዶሊን እየመታች ትዘምራለች። ልጅቷ ገና በ6 ዓመቷ ጊታር አንግታ ጉባኤ ፊት ትቆም ነበር። አድጋ ኤሌክትሪክ ጊታር ያዘች። ልጅሽ የምታስጓራውን ዓይነት ድምፅ፣ የሮክ ወንዶች ገና ሳይደርሱበት፣ እሷ ጌታን እያመሰገነች ታስጓራው ነበር። በ1944 እ.ኤ.አ. የቀዳችው መንፈሳዊ ሙዚቃ ከመጀመሪያዎቹ የሮክ ሸክላዎች አንዱ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። በኋላ የሮክ ኮከብ የሆነውን ሊትል ሪቻርድን ገና ጎረምሳ ሳለ መድረክ ላይ ያወጣችው እሷ ነች። እና ማን ከማን ወሰደ? ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ዳንኪራ ቤት የገባ ነገር ነው። ልጆቹ መልሰው ሲያመጡት በር ላይ መታወቂያ እንጠይቃለን።

በእርግጥ ሮዜታም ምሽት ክበብ ገብታ በመጫወቷ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች አዝነውባታል፤ ሮክም በኋላ የዋለበትን ውሎ ሁላችንም እናውቀዋለን። ይሄን አልክድም። ግን ሮዜታና እናቷ አብረው ሸክላ አስቀርጸዋል። እናትና ልጅ፣ አንድ ማይክ ፊት። እኔ የምቀናው በዚህ ነው።

ሌላው ችግራችን አማርኛችን ነው። «ዘፈን» የሚለውን ቃል ስንሰማ እንደነግጣለን። ገላትያ 5 ላይ ከስካር ቀጥሎ «ዘፋኝነት» ተጽፏልና። የግሪኩ ቃል ግን ኮሞስ ነው፤ ሰክሮ ሌሊት በየመንገዱ መጨፈር፣ መረበሽ። ስለ ዜማ ዓይነት አያወራም። ያው የእኛው የድሮ መጽሐፍ ቅዱስ መዝሙር 150 ላይ «በከበሮና በዘፈን አመስግኑት» ይላል። ዳዊትም ታቦቱ ፊት በሙሉ ኃይሉ «ይዘፍን ነበር» ይላል። ሚስቱ ሜልኮል በመስኮት አይታ ናቀችው። ሜልኮልም እኮ ያሳፈራት ሰው ምን ይላል የሚለው ነበር።

«የእኛ ጊዜ ጊታር ልብ ያሳርፋል» አልሽ። ማንን ነው ያሳረፈው? እኔ በደርግ ጊዜ ቤት ለቤት ከሚዘምሩት አንዷ ነበርኩ። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ስትዘጋ ብዙዎቻችን ድምፃችንን ወደ ሹክሹክታ አወረድን። ጊታሩን በጋቢ ጠቅልለን እንደ ሕፃን አዝለነው እናውቃለን። እናንተ ጋ ብዙም የማይርቀው የይርጋለሙ ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ስለ እምነቱ 7 ዓመት ታስሯል፤ ዛሬ መዝሙሮቹን «የድሮ፣ የተረጋጋ» እንላቸዋለን። ያኔ ማን ተረጋግቶ ነበር? አክስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በያሬድ ዜማ ያደገች ሴት ነበረች፤ በመስኮታችን አጠገብ ስታልፍ የእኛን ጊታርና ጭብጨባ ሰምታ አማተበች። «ቤተ ክርስቲያን ነው ቡና ቤት?» አለችኝ። ለእሷ ያ ጊታር የባር ዕቃ ነበር። ልክ ፔዳሉ ለአንቺ እንደሆነብሽ።

እኔ ሮክ አልወድም፤ ልዋሽሽ አልችልም። አሥር ደቂቃ ከሰማሁ ራሴን ያመኛል። በገና ቢሆን ሙሉ ቀን እቀመጣለሁ። ግን እኔን ራሴን ስላመመኝ እግዚአብሔርንም አመመው ማለት አልችልም። አንድ ነገር ላይ ከአንቺ ጋር ነኝ፤ ቃሉ መሰማት አለበት። ጳውሎስም መለከት የማይገለጥ ድምፅ ቢሰጥ ለጦርነት ማን ይዘጋጃል ብሏል። የዚህ መፍትሔው ሚክሰሩ ላይ የተቀመጠው ልጅ ጊታሩን ቀንሶ ማይኩን ከፍ ማድረጉ ነው። ለዚህ ሽማግሌ መሰብሰብ አያስፈልግም። ደግሞ ግጥሙን አንድ ቀን ወረቀት ላይ ጠይቀሻት አንብበሽዋል? መዝሙር 13 «አቤቱ፣ እስከ መቼ» ብሎ ነው የሚጀምረው። 21 ዓመት የሆናት ልጅ ከ150ው መዝሙር መርጣ ያንን ያነሳችበት ነገር ይኖራል። ከወፍጮው ድምፅ ይልቅ እሱ ቢያስጨንቅሽ በወደድኩ።

እግዚአብሔር በዚህ ይከብራል ወይ ላልሽው፣ አሞጽ 5ን ክፈቺ። «የዝማሬህንም ጩኸት ከእኔ ዘንድ አርቅ» ይላል። ይኸው፣ ጩኸት የሚለውን ቃልሽን ራሱ እግዚአብሔር ተናገረው። ግን ቀጥሎ ምን ይላል? ፔዳል አላለም። ፍርድ እንደ ውኃ ይፍሰስ ነው ያለው። ጆሮውን የዘጋው ሚዛኑ ከተዛባ ጉባኤ ለሚወጣ መዝሙር ነው፤ በጣም ለስላሳ፣ በጣም ልብ የሚያሳርፍ ቢሆንም። ስለዚህ ያ ደንበኛ ሊመጣ በነበረበት ቅዳሜ ወደ ሽማግሌዎቹ ሂጂ። አትጩሂ፣ አታልቅሺ፣ ስለ ሮክም አትከራከሪ። «ለምን እሷን ብቻ?» ብለሽ ጠይቂና ዝም በይ። መልስ እስኪሰጡሽ አትነሺ። በኳየር 18 ዓመት ያገለገለች ሴት ይቺን ጥያቄ የመጠየቅ መብት አላት።

ከዚያ በፊት ግን፣ ዛሬ ማታ፣ ሳትመጣ ጊታሩን አውጪው። ክፍሏ ወስደሽ አልጋዋ ላይ አስቀምጪው። ስትገባ «ሽማግሌዎቹ ፊት መናገር የነበረብኝን ሳልናገር ቀረሁ፤ ጥፋቴ ነው» በያት። ሰበብ አታክዪበት። በሯን ብትዘጋብሽም አትቀየሚ፤ አራት ወር በአንድ ማታ አያልቅም። አቧራውን ጥረጊለት። ክሮቹን ግን አትነካኪ፤ መቃኘቱ የእሷ ሥራ ነው።