አዳራሹን ከመሙላታችሁ በፊት

ውድ የወጣቶች አገልግሎት መሪዎች፤

በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ከወጣቶች ጋር ባገለገልኩባቸው ሠላሳ ዓመታት ውስጥ፣ የመጀመሪያዎቹን ሰባት ወይም ስምንት ዓመታት ያሳለፍኩት አዳራሽ በመሙላት ነበር ብል አላጋነንኩም። ዘማሪ እንጋብዛለን፣ ድምፅ ማጉያ እንከራያለን፣ ኮንፈረንስ እናዘጋጃለን፤ ወጣቱም ይመጣል። ከእነዚህ ኮንፈረንሶች በአንደኛው ማግስት አንዲት እናት ቢሮዬ መጥተው ልጃቸው ከቤተ ክርስቲያን ከቀረ አራት ወር እንደሆነው ነገሩኝ። መቅረቱን አላወቅኩም ነበር፤ ይባስ ብሎ ስሙን ሲጠሩልኝ መልኩ ሊታወሰኝ አልቻለም። ያን ዕለት ማታ ደብተር አውጥቼ በስም የማውቃቸውን ወጣቶች መጻፍ ጀመርኩ። «በየሳምንቱ ሁለት መቶ ሰው ይመጣል» እያልኩ ለሽማግሌዎች ሪፖርት የማቀርበው ሰው፣ ሠላሳ አንደኛው ስም ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ።

ስለዚህ መርሐ ግብር ከማውጣታችሁ በፊት ደብተር ክፈቱ። የእያንዳንዱን ወጣት ስም፣ ማን እንደሚከታተለውና ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተጠየቀ ጻፉበት። በእኔ ልምድ አንድ ጎልማሳ አገልጋይ ከአምስት ወይም ከስድስት ወጣት በላይ በቅጡ መያዝ አይችልም፤ ከዚያ ያለፈው ሰላምታ ብቻ ነው። አምስት ታማኝ ሰዎች ካሏችሁ አገልግሎታችሁ የሠላሳ ወጣቶች ነው፤ የቀረው ሕዝብ ተመልካች መሆኑን አምናችሁ መቀበል ይሻላችኋል።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ «ማንም ታናሽነትህን አይናቀው» ሲል የጻፈውን ቃል በየወጣቶች አዳራሹ ግድግዳ ላይ እንሰቅለዋለን። ይሁን እንጂ ጢሞቴዎስ የወጣቶች ኅብረት መሪ አልነበረም፤ በኤፌሶን ሽማግሌዎችና መበለቶች ጭምር ያሉበት የጠቅላላው ጉባኤ አደራ ነበረበት። እምነቱም ቀድሞ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ የነበረ ነው። እኛ ግን ወጣቱን ለብቻው ክፍል፣ ለብቻው ሰዓትና ለብቻው መዝሙር ሰጥተን በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሌላ ቤተ ክርስቲያን እንሠራለን፤ ዕድሜው አልፎ ከዚያ ክፍል ሲወጣ በዋናው ጉባኤ ውስጥ የሚያውቀው ሰው የለም። የአንዲት አረጋዊት እናት የጸሎት ሕይወት በወር አንድ ጊዜ ወደ ወጣቶቹ ቢገባ፣ ከተጋባዥ ሰባኪ ይልቅ ሲዘልቅ አይቻለሁ።

ቀጥሎ ሥራ ስጧቸው። ፍራንሲስ ክላርክ የተባለው መጋቢ በ1881 በአሜሪካ ሜይን ግዛት፣ በፖርትላንድ ከተማ የወጣቶች ማኅበር ሲመሠርት፣ ወጣቶቹ ኮሚቴ ይዘው ራሳቸው እንዲያገለግሉና በየሳምንቱ የጸሎት ስብሰባ እያንዳንዱ ድርሻ እንዲኖረው አደረገ፤ በወር አንድ ጊዜም ስም ይጠራ ነበር። ማኅበሩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ብዙ አገሮች የተስፋፋው በዚሁ ቀላል አሠራር ነው። የእኛ ችግር ሥራውን ሰጥተን ስሕተቱን አለመፍቀዳችን ነው። አንድ ጊዜ የወጣቶችን ሒሳብ ለአንድ ልጅ ሰጥተን በመጀመሪያው ወር ገንዘብ ጎደለ። ብዙዎቻችን ከኃላፊነቱ ልናነሣው ስንል አንድ አዛውንት ሒሳብ ያዥ ወንበራቸውን ከጎኑ አስጠግተው ደረሰኞቹን አንድ በአንድ አብረውት አመሳከሩ። ጉድለቱ የመደመር ስሕተት ነበር። በጳውሎስ የስብከት ጉዞ ረዳት የነበረው ማርቆስም በጵንፍልያ ከሥራው ተለይቶ የተመለሰ፣ በእርሱ ምክንያት ጳውሎስና በርናባስ የተለያዩበት ሰው ነው፤ በኋላ ግን ጳውሎስ ራሱ «ለአገልግሎት ብዙ ይጠቅመኛልና አምጣው» ብሎ ጻፈ።

ለድርድር የማይቀርብ አንድ ነገር አለ። ማንም ጎልማሳ፣ መጋቢም ቢሆን፣ ለአካለ መጠን ካልደረሰ ልጅ ጋር በተዘጋ በር ብቻውን አይቀመጥ፤ ሁልጊዜ ሁለት ሰው ይኑር። በደል ከተሰማም በቢሮ ተሸፍኖ በይቅርታ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም፤ ወደ ሕግ ይሄዳል። «የቤተ ክርስቲያን ስም እንዳይጠፋ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት።

ተተኪያችሁንም ገና በሁለተኛው ዓመታችሁ ማዘጋጀት ጀምሩ። እኔ ዘግይቼ ነው ያስረከብኩት። የተካኝ ወጣት በመጀመሪያው ወር እኔ ለዓመታት የመራሁትን የዓርብ ማታ ጸሎት ወደ ቅዳሜ ማለዳ አዛወረው። አልወደድኩትም፤ ነገር ግን ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አፌን ያዝኩ። ከእኔ የጠየቀው ደብተሩን ብቻ ነበር፤ ሰጠሁት። ገጹ ስላለቀ አሁን ሁለተኛ ደብተር ጀምሯል፤ የዚያች እናት ልጅም ስም፣ እስካሁን ባይመለስም፣ በአዲሱ ላይ ተጽፏል።