ትዕግሥት «ተቀምጧል» ወይስ «ተቀምጣለች»?

ጥያቄ፦ በባሮክ ዘመን (በ17ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ አውሮፓ ውስጥ) መዳብ ላይ ተቀርጸው ለታተሙ ሥዕሎች የአማርኛ መግለጫ እየጻፍኩ ነው። ፍትሕ፣ ተስፋ፣ ትዕግሥት፣ ሁሉም በሴት ተመስለዋል። «ትዕግሥት ተቀምጧል» ልበል ወይስ «ተቀምጣለች»? ጓደኛዬ ሁለተኛው ስሕተት ነው ይለኛል።

መልስ፦ «ተቀምጣለች» ይበሉ።

ጓደኛዎም ዝም ብለው አልተናገሩም። በዕለት ተዕለት ንግግራችን እንዲህ ያሉ ስሞች እንደ ወንዴ ነው የሚሄዱት። «ትዕግሥቴ አለቀ»፣ «ፍትሕ ጠፋ» እንላለን። «አለቀች» ያለ ሰው ወይ እየቀለደ ነው፣ ወይ ትዕግሥቱን እያሳነሳት ነው። እርስዎ የሚጽፉት ግን ስለ ጠባዩ ሳይሆን ሥዕሉ ላይ ስላለችው ሴት ነው።

ሴት መሆኗም የቀራጩ ምርጫ ብቻ አይደለም። በላቲንና በጣልያንኛ የእነዚህ ምግባራት ስም አንስታይ ነው። ጣልያናዊው ጸሐፊ ቼዛሬ ሪፓ እ.ኤ.አ. በ1593 ሮም ላይ ያሳተመው «ኢኮኖሎጂያ» የተባለ መጽሐፍ እያንዳንዷ ምን ለብሳ፣ ምን ይዛ እንደምትሣል ይዘረዝራል። የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊዎችና ቀራጮች እሱን እያዩ ይሠሩ ነበር። የሪፓ ትዕግሥት በዕድሜ የበሰለች ሴት ናት። ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ትከሻዋ ላይ ቀንበር አለ። ባዶ እግሯን ያሳረፈችው የእሾህ እስር ላይ ነው። «ባዶ እግሩን» ብለው ቢጽፉ ተመልካቹ ሰውየውን ሲፈልግ ይውላል።

ነገሩ ለአማርኛም እንግዳ አይደለም። መጽሐፈ ምሳሌ 9፥1 ላይ ጥበብ ቤቷን ሠራች እንጂ ቤቱን አልሠራም።

ሁሉንም ሴት እንዳያደርጉ ግን ይጠንቀቁ። ጊዜ በባሮክ ሥዕል ክንፍ ያለው፣ ማጭድ የያዘ ሽማግሌ ነው። እውነትን ከተሸፈነችበት ሲገልጣት የሚያሳዩ ሥራዎች ሞልተዋል። «ጊዜ እውነትን ገለጣት» ይበሉ፤ ማን ወንድ፣ ማን ሴት እንደሆነ በአንድ ግሥ ያልቃል። አማርኛ እዚህ ላይ ይመቻል።

የሚያስቸግረው ሌላ ነው፤ ትዕግሥት የሰው ስም ነው። «ትዕግሥት እግሯን እሾህ ላይ አሳርፋለች» የጎረቤት ወሬ ይመስላል። ተስፋ ደግሞ ይብሳል። በወንድ ስምነት ስለለመድነው «ተስፋ መልሕቅ ይዛለች» የሚለው ያደናግራል። መጀመሪያ «በሴት የተመሰለችው ተስፋ» ብለው ያስተዋውቋት፤ ከዚያ በኋላ ስሟ ብቻ ይበቃል።

ስለ ጠባዩ ራሱ ሲጽፉ ወደ ወንዴው ይመለሱ። «ትዕግሥት ቀንበር ተሸክማለች» ካሉ በኋላ «ትዕግሥት ሰውን ያስከብራል» ቢሉ ሁለቱም ልክ ናቸው።